ባላስትና ፍሎረሰንት ማዛመድ፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ ሥራ የተገኘ

ደሴ ፒያሳም ሆነ ኮምቦልቻ፣ ኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ገብቶ «የ36 ባላስት ስጠኝ» (የ36 ዋት ፍሎረሰንት ቱቦን ከረንት የሚገታውን ዕቃ) ላለ ሰው የሚቀርብለት አንድ ዓይነት ዕቃ አይደለም። ከባድ ብረት አለ፣ እጅ ላይ የሚቀል ብረት አለ፣ በቆርቆሮ ወይም በፕላስቲክ የታሸገ ኤሌክትሮኒክ አለ። «ሁሉም ያው ነው ወንድሜ፣ ያበራል» ይባላል። ማብራቱንስ ያበራል። ቱቦውን የማይመጥን ባላስትም የመጀመሪያ ቀን ያበራል። ክፋቱ የሚታየው ቆይቶ ነው፤ የቱቦው ጫፍ ከሰል ሲመስል፣ ስታርተሩ (ቱቦውን የምታስለኩሰው ትንሿ ክብ ዕቃ) ማታ ማታ ጠቅ ጠቅ ሲል፣ ከላሜራው ውስጥ የተቃጠለ ቫርኒሽ ሲሸት። ይህ ጽሑፍ የማስታወቂያ ሳጥን፣ የልብስ ስፌት ቤት፣ የሱቅ መደርደሪያ ወይም የጋራዥ መብራት ራሳቸው ገጣጥመው ለሚሠሩ ነው። ዝግጁ ፊክስቸር ገዝቶ ለሚሰቅል ብዙም አይጠቅምም፤ የእሱን ፋብሪካው አዛምዶለታል።

ተራ አምፖል ሲግል የሽቦው ተቃውሞ ይጨምርና ራሱን በራሱ ይገታል። ፍሎረሰንት ቱቦ ግን ተቃራኒ ነው። አንዴ ከተለኮሰ በውስጡ ያለው ጋዝ ለከረንት መንገድ ይከፍታል፤ ብዙ ባለፈ ቁጥር መንገዱ ይሰፋል፣ በሰፋ ቁጥር ደግሞ ሌላ ይጨመራል። 220 ቮልት በቀጥታ ቢሰጠው በቅጽበት ያልቅለታል። ባላስት ልጓሙ ነው፤ «ከዚህ አትለፍ» ብሎ የሚይዘውም አምፔሩን ነው። ዋት የኋላ ውጤት ነው። ስለዚህ ሱቅ ውስጥ ባላስቱን አገላብጣችሁ መጀመሪያ የአምፔሩን ቁጥር አንብቡ፣ ቀጥሎ ቮልቱንና ሄርዙን፣ ዋቱን መጨረሻ።

በቃል የሚያዙት ቁጥሮች ጥቂት ናቸው። ባለ60 ሳንቲ ሜትሩ 18 ዋት ቱቦ 0.37 አምፔር ይፈልጋል፤ ባለ120ው 36 ዋት 0.43፤ ባለ150ው 58 ዋት 0.67። እነዚህ ውፍረታቸው 26 ሚሊ ሜትር የሆነ ቲ8 የሚባሉት ናቸው። የድሮዎቹ ወፍራሞች፣ ቲ12፣ 38 ሚሊ ሜትር ሲሆኑ 20፣ 40 እና 65 ዋት ይባላሉ። አምፔራቸው ግን ከቀጭኖቹ ጋር አንድ ነው፤ የ20ው ከ18ቱ፣ የ40ው ከ36ቱ፣ የ65ቱ ከ58ቱ ጋር። ቲ8 ሲወጣ በነባሩ ባላስት ላይ እንዲሄድ ታስቦ ነው የተሠራው። ባላስት ላይ «18/20» ወይም «36/40» የሚል የምታዩትም ለዚህ ነው። በድሮ ትምህርት ቤትና ቢሮ ውስጥ ወፍራሙ ሲሞት ቀጭኑን በዚያው ባላስትና ስታርተር ተክቶ መሄድ ይቻላል። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ፦ ያለ ስታርተር የሚለኩስ የድሮ የብረት ባላስት ዓይነት አለ። በእሱ ላይ ቲ8 ወይ ይንቀጠቀጣል ወይ ጨርሶ አይነሳም።

ለ36 ቱቦ የ58 ባላስት ሲሰጠው መጀመሪያ ደስ ይላል፤ ከጎኑ ካሉት ይበልጥ ይደምቃል። ነገር ግን ጫፍና ጫፍ ያለው ፈትል የተሠራው ለ0.43 አምፔር ነው። 0.67 የሚለቅ ባላስት ሲመጣበት ፈትሉ ላይ የተቀባው ነጭ ቅብ ይተንና መስታወቱ ላይ ይለጠፋል። ጥቁሩ ጫፍ እሱ ነው። በተቃራኒው ለ36 ቱቦ የ18 ባላስት ሲሰጥ ከረንቱ ያንሳል። «ቢያንስ ዕድሜ ያራዝማል» የሚል ብዙ ሰው አለ። አያራዝምም። በቂ ያልጋለ ፈትል ላይ ቅቡ እየተደበደበ ይረግፋል፣ ጫፉም እንደዚያኛው ይጠቁራል፤ በላዩ ላይ ስታርተሩ ደጋግሞ ስለሚሞክር መብራቱ ብልጭ ድርግም ሲል ያመሻል። እንግዲህ ጥቁር ጫፍ አይታችሁ ብቻ በዛበት ወይም አነሰበት ማለት አትችሉም። ክላምፕ ሜትር ከባላስቱ ወደ ቱቦው በሚሄደው አንድ ሽቦ ላይ አድርጋችሁ፣ ቱቦው አምስት ደቂቃ ከበራ በኋላ አንብቡ። ቮልቱ 220 አካባቢ ሆኖ ለ36ቱ ከ0.40 እስከ 0.45 ካገኛችሁ ጋብቻው ጥሩ ነው። ክላምፕ ሜትራችሁ ትንሽ ከረንት በትክክል የማያነብ ከሆነ ሽቦውን ዐሥር ጊዜ በመንጋጋው ውስጥ ጠቅልሉትና ያነበባችሁትን ለዐሥር አካፍሉ። ይህ መለኪያ ለብረት ባላስት ብቻ ነው፤ ኤሌክትሮኒኩ ወደ ቱቦው የሚልከውን ፈጣን ከረንት ተራ ክላምፕ ሜትር አያነበውም።

ሁለት 18 ቱቦዎችን በአንድ የ36 ባላስት ማብራት የተፈቀደ ነው፤ ገንዘብም ይቆጥባል። አንዱ 18 ቱቦ ሲበራ በላዩ 57 ቮልት ያህል ይወስዳል፤ ሁለት ሲደረደሩ 114 ይሆናል፣ ከአንዱ 36 ቱቦ 103 ቮልት ጋር ይቀራረባል። ባላስቱ ልዩነቱን አያውቀውም። ለዚህ ግን ሁለቱ ቱቦዎች በተከታታይ መታሰር አለባቸው፣ ለእያንዳንዱም የራሱ ስታርተር ይገባል። አንድ 18 ቱቦ ብቻውን በ36 ባላስት ላይ መስቀል አይሆንም፤ ከ0.37 በላይ ይገባበታል።

ብዙ ሥራ የሚበላሸው እዚሁ ስታርተሩ ላይ ነው። ሱቅ ውስጥ ሁለት ዓይነት ስታርተር አለ፤ መልካቸው አንድ ነው። ኤስ10 የተጻፈበት ከ4 እስከ 65 ዋት ላለ፣ ለብቻው ለሚሠራ ቱቦ ነው። ኤስ2 የተጻፈበት ከ4 እስከ 22 ዋት ላለ፣ በተከታታይ ለሚሠሩ ሁለት ቱቦዎች ነው። ለጥንዶቹ 18 ቱቦዎች ኤስ10 ከሰጣችኋቸው እያንዳንዱ ስታርተር የሚደርሰው የ220 ግማሽ ስለሆነ አይቀሰቀስም፤ ቱቦዎቹ ጨለማ ሆነው ይቀራሉ፣ ባለቤቱም «ባላስቱ ተበላሽቷል» ብሎ ይመልሰዋል። በተቃራኒው ለአንድ 36 ቱቦ ኤስ2 ከተሰጠው፣ ቱቦው በርቶም ሳለ ስታርተሩ በቱቦው ቮልት እንደገና ይዘጋል፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲበራና ሲጠፋ ያድራል። ስታርተር ርካሽ ነው። ቱቦ ሲቀየር አብሮ ይቀየር፤ አሮጌው ስታርተር አዲሱን ቱቦ ቶሎ ሊያደክመው ይችላል።

የብረት ባላስት አስተሳሰር አጭር ነው። ከማብሪያ ማጥፊያው የወጣው ፌዝ ወደ ባላስቱ አንድ ጫፍ ይገባል፤ ከባላስቱ ሌላ ጫፍ ወደ ቱቦው የመጀመሪያ ጎን አንድ እግር ይሄዳል። የዚያው ጎን ሌላ እግር ወደ ስታርተሩ፣ ከስታርተሩ ወደ ቱቦው ሁለተኛ ጎን አንድ እግር ይደርሳል። የቀረው እግር ወደ ኒውትራል ይመለሳል። ባላስቱ ፌዙ ላይ ይሁን ስንል ምክንያት አለን። ኒውትራል ላይ ከገባ፣ አንዱ ሽቦ ተላጦ ከላሜራው ጋር ሲነካካ ፌዙ ልጓም ሳይኖረው በቱቦው በኩል ያልፋል። በቴስተር ለዩና እሰሩ፤ ሞርሴቶው (የሽቦ ማያያዣው) ላይም ሽቦው ጠብቆ ይታሰር። ላላ ያለ ሞርሴቶ የሚያመጣው ብልጭታ ከስታርተር ችግር ጋር አንድ ስለሚመስል ሰው ሦስት ስታርተር ቀይሮ ነው የሚደርስበት።

አሁን ወደ ቀጭኖቹ፣ ወደ ቲ5። ውፍረታቸው 16 ሚሊ ሜትር፣ የእግራቸው ርቀት 5 ሚሊ ሜትር ነው፤ የቲ8 እግር 13 ሚሊ ሜትር ስለሚራራቅ ሁለቱን በሆልደር ማምታታት አይቻልም። አደገኛው ቲ5ን ከቲ5 ጋር ማምታታት ነው። ርዝመታቸው አንድ ሆኖ ዋታቸው የተለያየ ጥንዶች አሉ። 549 ሚሊ ሜትር የሆነው 14 ዋትም 24 ዋትም አለው። 849 የሆነው 21 እና 39 ነው፤ 1149 የሆነው 28 እና 54፤ 1449 ላይ ደግሞ 35፣ 49 እና 80 ይገኛሉ። ሁሉም በዚያው ሆልደር ይገባሉ። አምፔራቸው ግን ሩቅ ለሩቅ ነው፤ 14፣ 21፣ 28 እና 35ቱ ሁሉም 0.17 አምፔር ሲፈልጉ 24ቱ 0.30፣ 39ኙ 0.34፣ 54ቱ 0.46 ይፈልጋሉ። የ54 ባላስት ላይ 28 ቱቦ ስትሰኩ ሦስት እጥፍ ሊጠጋ ከረንት ልትሰዱበት ነው። ደህና ባላስት ይህን አውቆ ይዘጋል፤ ርካሹ ግን ይቀጥላል፣ የቱቦው ጫፍ ሆልደሩን እስኪያቀልጥ ይግላል። ቲ5ን ለመተካት ስትሄዱ ርዝመቱን በሜትር ለክታችሁ አትሂዱ፤ ቱቦው ላይ የተጻፈውን ዋት አንብቡ፣ ባላስቱም ላይ ያው መጻፉን እዩ። ከ14 ዋት ጀምሮ ያሉት እነዚህ ቱቦዎች ለኤሌክትሮኒክ ባላስት ብቻ የተሠሩ ናቸው። የ28ቱ ቮልት ብቻውን 167 ነው፤ በ220 መስመር ላይ ለብረት ባላስት የሚተርፍ ቦታ የለም።

ሌላው ወጥመድ ከአሜሪካ በዕርዳታ ወይም በአሮጌ ዕቃ ኮንቴይነር የሚመጣ መብራት ነው። ቱቦው 120 ሳንቲ ሜትር ነው፣ እግሩ ይገባል፣ ግን 32 ዋት ተጽፎበታል። የሚፈልገው 0.265 አምፔር ነው፤ የእኛ የ36 ባላስት ከሚሰጠው በብዙ ያነሰ። በእኛ ባላስት ይበራል፣ ቶሎም ያልቃል። አብሮት የሚመጣው ባላስት ደግሞ ብዙ ጊዜ ለ120 ቮልትና ለ60 ሄርዝ የተሠራ ነው። ትራንስፎርመር ጨምራችሁ ቮልቱን ብታስተካክሉ እንኳ ሄርዙ አይስተካከልም። የብረት ባላስት በ50 ሄርዝ ከ60ው ይልቅ ብዙ ከረንት ያሳልፋል፣ ይግላል። ቆርቆሮውን አስቀሩ፣ ውስጡን በእኛ ዕቃ ቀይሩ።

ኤሌክትሮኒክ ባላስት ላይ አምፔሩ ሁልጊዜ አይጻፍም፤ «1×36» ወይም «2×36» ብሎ ሥዕሉን ጀርባው ላይ ያትማል። እዚያ ላይ ሥዕሉ ሕግ ነው። ባለሁለቱን ገዝቶ በአንድ ቱቦ ማብራት በአንዳንዱ ይሆናል፣ በአብዛኛው አይሆንም። ሁለቱ በተከታታይ የታሰሩ ከሆነ አንዱ ቱቦ ሲሞት ሁለቱም ይጠፋሉ፤ መጀመሪያ ቱቦዎቹን ፈትሹ እንጂ ባላስቱን አትጣሉት። ስታርተሩ ደግሞ ይውጣ። የድሮ ፊክስቸር ውስጥ ኤሌክትሮኒክ አስገብቶ ስታርተሩን በቦታው የሚተው ሠራተኛ አለ፤ ባላስቱ የሚሞተው በዚያው ነው። ኤሌክትሮኒኩ ከረንቱን በሴኮንድ ከ20 ሺህ ጊዜ በላይ ስለሚገለባብጠው ከባላስት ወደ ቱቦ የሚሄደው ሽቦ አጭር ይሁን፤ ሥዕሉ ላይ አጭር ይሁኑ ተብለው የተለዩ ሽቦዎች ካሉ እነሱን ከባላስቱ በቅርብ በኩል አውሉ። ከ220ው መስመር ጋር በአንድ ናስትሮ አትጠቅልሏቸው፤ ሬዲዮ ይንጫጫል፣ ቱቦውም መነሳት ይቸግረዋል። ባላስቱ የተቀመጠበት ላሜራ ኧርዝ ይደረግ፤ ለሰው ደኅንነት ከመሆኑም በላይ ብዙዎቹ ቱቦዎች የሚለኮሱት አጠገባቸው ያለውን ኧርዝ የሆነ ብረት ተደግፈው ነው። ርካሾቹ ኤሌክትሮኒክ ባላስቶች ፈትሉን ሳያሞቁ በከፍተኛ ቮልት ይለኩሳሉ። ለሱቅ፣ ጠዋት ተከፍቶ ማታ ለሚዘጋ፣ ምንም አይደለም። በቀን ሃያ ጊዜ ለሚበራና ለሚጠፋ መጸዳጃ ቤትና ኮሪደር ግን ቱቦ አይበረክትም።

አንድ ሳጥን በቁጥር እንሥራ፤ የመድኃኒት ቤት ወይም የሆቴል ማስታወቂያ፣ ርዝመቱ 2.40 ሜትር፣ ቁመቱ 90 ሳንቲ፣ ጥልቀቱ 20 ሳንቲ። ቱቦው ከኋላው ላሜራ ትንሽ ከፍ ብሎ ሲሰቀል ከመሐሉ እስከ ፕላስቲኩ ፊት 15 ሳንቲ ያህል ይቀራል። በቱቦና በቱቦ መካከል ያለው ርቀት ከዚህ መብለጥ የለበትም፤ ከበለጠ ፊቱ ላይ እንደ ሜዳ አህያ መስመር መስመር ይታያል። 90ን ለ15 ስናካፍል ስድስት ረድፍ ነው። በእያንዳንዱ ረድፍ ሁለት 36 ቱቦ፣ በድምሩ 12። ጫፎቻቸው ፊት ለፊት እንዳይገጥሙ፤ የእያንዳንዱ ቱቦ ጫፍ አምስት ሳንቲ ያህል ደብዛዛ ስለሆነ መሐል ላይ ጥቁር ምሰሶ ይፈጠራል። አንዱን ትንሽ ከፍ፣ አንዱን ትንሽ ዝቅ አድርጋችሁ ስምንት ሳንቲ ያህል ይደራረቡ። የኋላውን ላሜራ ነጭ ቀለም ቀቡት። የሚያብለጨልጭ አሉሚኒየም ከነጭ ቀለም ይበልጣል የሚለውን አልተቀበልነውም፤ የቱቦውን ምስል መልሶ ስለሚያሳይ መስመሩን ያባብሰዋል።

አሁን ሒሳቡ። በብረት ባላስት እያንዳንዱ ቱቦ ከባላስቱ ብክነት ጋር 46 ዋት ያህል ይበላል፤ 12ቱ 550 ዋት። ከመስመሩ የሚስቡት ከረንት ግን ዋቱ ከሚያስመስለው ይበልጣል። ያለ ካፓሲተር አንዱ 0.43 አምፔር ስለሚስብ 12ቱ ከ5 አምፔር ያልፋሉ፣ ማለትም ከ1,100 ቪኤ (ቮልት በአምፔር ሲባዛ) በላይ ነው። «550 ዋት ነው» ብሎ የ1 ኪሎ ቪኤ ጄኔሬተር ወይም ስታቢላይዘር የሚገዛ ሰው ሲያቃስትበት የሚያድረው ለዚህ ነው። ለእያንዳንዱ ባላስት 4.5 ማይክሮ ፋራድ፣ 250 ቮልት ካፓሲተር በፌዝና በኒውትራል መካከል፣ ከባላስቱ በፊት ሲታሰር የአንዱ ከረንት ወደ 0.22 ይወርዳል፤ ሁሉም 2.7 አምፔር አካባቢ ይሆናሉ። ለ58 ባላስት 7 ማይክሮ ፋራድ ነው። ካፓሲተሩ ላይ ማፍሰሻ ሬዚስተር መኖሩን እዩ፤ ከሌለው መብራት ከጠፋ በኋላም ይመታል። ኤሌክትሮኒክ ላይ ካፓሲተር በጭራሽ አትጨምሩ። ሳጥኑ በኢንቨርተር የሚበራ ከሆነና ኢንቨርተሩ ንጹሕ ሞገድ የማያወጣ ከሆነም ካፓሲተሩን አውጡት፤ ይግላል፣ ያብጣል።

ያንኑ ሳጥን በኤሌክትሮኒክ ብትሠሩት አንዱ ከነባላስቱ 36 ዋት ያህል ይሆናል። ልዩነቱ በቱቦ 10 ዋት ነው፤ 12 ቱቦ በቀን 6 ሰዓት ሲበራ በወር 21.6 ኪሎ ዋት ሰዓት። ሙቀቱም ይቀንሳል። የብረቶቹ ባላስቶች ብቻቸውን ሳጥኑ ውስጥ ወደ 120 ዋት ሙቀት ይለቃሉ። ከታች በኩል፣ ከቱቦዎቹ በታች፣ ከላሜራው ጋር ቀለም ሳይኖር ብረት ለብረት ተጣብቀው በቡሎን ይታሰሩ፤ ላሜራው ሙቀቱን ይስብላቸዋል። ከታችና ከላይ ቀዳዳ ይበጅ፣ ወንፊት ይደረግበት፣ የላዩ ቀዳዳ አፉ ወደ ታች ይዙር፤ የክረምቱ ዝናብ ከጎን እየመታ ነው የሚገባው። ባላስቱ ላይ ቲደብልዩ 130 የሚለው ጥቅሉ ሳይበላሽ ለዓመታት የሚችለው የሙቀት ወሰን ነው፤ ዴልታ ቲ 55 የሚለው ደግሞ ከአካባቢው አየር በላይ ስንት ዲግሪ እንደሚግል። የዴልታ ቲው ቁጥር አነስ ያለውን ምረጡ። መስመሩ 1.5 ካሬ ሽቦ፣ ብሬከሩ 10 አምፔር ይበቃል። ብዙ ኤሌክትሮኒክ ባላስት በአንድ ማብሪያ ሲነሳ የመጀመሪያው ግፊት ብሬከሩን ሊጥለው ስለሚችል በሁለት ማብሪያ ክፈሉት።

የቦታው ነገር ወሎ ላይ ትልቅ ነው። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፤ ኮምቦልቻ ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ወርዳ 1,850 ሜትር አካባቢ፣ ባቲ ከዚያም ዝቅ ብላ ትሞቃለች። ቲ8 ከፍተኛ ብርሃኑን የሚሰጠው በዙሪያው ያለው አየር 25 ዲግሪ ሲሆን ነው፤ ቲ5 በ35። ስለዚህ ቲ5ን ደሴ ላይ ክፍት በረንዳ ሰቅሎ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ደብዝዟል ብሎ ማማረር አይገባም፤ ቦታው አይደለም። የታሸገ ሳጥን ውስጥ፣ በተለይ ኮምቦልቻና ባቲ፣ ቲ5 ያምርበታል። ለደሴ፣ ለኩታበር፣ ለደላንታ በረንዳ ቲ8፣ ያውም ብርሃን በሚያስተላልፍ ፕላስቲክ ሽፋን ውስጥ ሆኖ የራሱን ሙቀት እንዲይዝ። ከ10 ዲግሪ በታች የስታርተር መብራት መነሳት ይከብደዋል፤ አዲስ ቱቦ ውስጥ ብርሃኑ እንደ እባብ ሲጠማዘዝ ብታዩ ብርዱ ነው ወይም አዲስነቱ፣ ጥቂት ሰዓት ሲሠራ ይረጋል።

ማታ ቮልቱ ሲወርድ ብርዱ ላይ ይጨመራል። 220ው ወደ 180 ሲጠጋ ስታርተሩ ፈትሉን ያግላል፣ ቱቦው ግን አይለኮስም፤ ጫፎቹ ብርቱካንማ ሆነው ይቆያሉ። እንዲህ ሆኖ ሰዓታት ከቆየ ፈትሉ አለቀ ማለት ነው፤ አጥፉት። በተከታታይ የታሰሩት ጥንድ 18ቶች ደግሞ ከአንዱ 36 ቀድመው ይደክማሉ። ቮልቱ በየምሽቱ በሚወርድበት ሰፈር ከ180 ቮልት ጀምሮ እንደሚሠራ የተጻፈበት ኤሌክትሮኒክ ይሻላል። ኤሌክትሮኒኩ ግን የራሱ ጠላት አለው፤ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ የሚመጣው ግፊት። መብራት ሲጠፋ ማብሪያውን አጥፉ፣ ከተመለሰም ሁለት ደቂቃ ቆይታችሁ አብሩ።

ለስፌት ቤት፣ ለእንጨት መሰንጠቂያና ለወፍጮ ሌላ ነገር አለ። በብረት ባላስት የሚበራ ቱቦ በሴኮንድ 100 ጊዜ ይደምቃል ይደበዝዛል። በደቂቃ 3,000 የሚዞር ነገር በሴኮንድ 50 ስለሚዞር በዚህ ብርሃን የቆመ ይመስላል፤ መጋዙ እየዞረ ጥርሱ ይታያል። እጅ የሚቆረጠው እንዲህ ነው። እንዲህ ያለ ቦታ ኤሌክትሮኒክ አድርጉ። ካልተገኘና ቤቱ ባለሦስት ፌዝ ከሆነ ጎን ለጎን ያሉትን ቱቦዎች በተለያየ ፌዝ ክፈሉ፤ የአንዱን ድብዘዛ የሌላው ድምቀት ይሞላዋል። ለስፌት ቤት የቱቦውን የቀለም ቁጥርም እዩ። 54 ወይም 765 የተጻፈበት ርካሹ 36 ዋት 2,500 ሉመን ያህል ነው፤ ቡናማና ጥቁር ሰማያዊ ክር በእሱ ሥር አይለይም። 840 የተጻፈበት በዚያው ዋትና በዚያው ባላስት 3,350 ሉመን ይሰጣል፣ ቀለሙንም ያሳያል።

ያገለገለ ቱቦ ከመግዛታችሁ በፊት በመልቲሜትር በሁለቱም ጎን እግር ለእግር ለኩ፤ ጥቂት ኦም መሆን አለበት፣ ሁለቱም ጎን ተቀራራቢ። አንዱ ጎን ከተቆረጠ በስታርተር አይነሳም። የብረት ባላስትን በኦም መለካት የተቆረጠውን ብቻ ነው የሚያሳየው፤ ውስጥ ለውስጥ የተቃጠለውን አያሳይም። ለዚህ ባላስቱን ከ100 ዋት ተራ አምፖል ጋር በተከታታይ እሰሩ። ደህና የ36 ባላስት አምፖሉን በግልጽ ያደክመዋል፣ ብርሃኑ ቢጫ ይላል። የተቃጠለው አምፖሉን በሙሉ ድምቀቱ ይተወዋል። አዲስ ባላስት ስትገዙም ሁለቱን በሁለት እጅ አመዛዝኑ፤ ከመዳብ ፈንታ አሉሚኒየም የተጠቀለለበትና ብረቱ የሳሳው ይቀላል፣ ይግላል፣ ይጮኻል። ጩኸቱ ብቻ ከሆነ የማሰሪያ ብሎኑን አጥብቁት፤ ካልቆመ ከሥሩ ጎማ አድርጉበት፣ ግን ያኔ ሙቀቱን ወደ ላሜራው ማሳለፉ ይቀንሳል።

ስታርተር የተጣበቀበት መብራት ደግሞ ቀላል ምርመራ አለው። ጫፎቹ ብቻ ሲበሩ ስታርተሩን አውጡት። ስታርተሩ ሲወጣ ቱቦው ቦግ ካለ ችግሩ ስታርተሩ ነበር፤ ከጠፋ ቮልቱን ለኩ።

ቱቦ ሲሰበር መስኮት ከፍታችሁ ጥቂት ደቂቃ ውጡ፣ ስብርባሪውን በካርቶን ሰብስቡ፣ በመጥረጊያ አታቡንኑት፤ ውስጡ ጥቂት ሚሊ ግራም ሜርኩሪ አለ። የሞቱትንም ልጆች ከሚጫወቱበት ቆሻሻ ላይ አትጣሉ።

በአውሮፓ ኅብረት ቲ5ና ቲ8 ከእ.ኤ.አ. ነሐሴ 2023 ወዲህ ገበያ ላይ እንዳይቀርቡ ተከልክለዋል፤ እኛም ዘንድ ብዙ ሰው በዚያው ፊክስቸር ኤልኢዲ ቱቦ እያስገባ ነው። ሁለት መንገድ አለ። አንዳንዱ ኤልኢዲ የብረት ባላስቱን ሳይነኩ፣ በስታርተሩ ቦታ አብሮት የሚመጣውን ባዶ ስታርተር ተክቶ ይሠራል። ይህ ኤሌክትሮኒክ ባላስት ላይ አይሠራም። ሌላው ባላስቱን አውጥቶ 220ውን በቀጥታ ለሆልደሩ መስጠት ነው፤ እዚህ ላይ ፌዝና ኒውትራል በአንድ ጎን ሁለት እግር የሚገቡበት ዓይነትና አንዱ በዚህ ጎን አንዱ በዚያ ጎን የሚገባበት ዓይነት ስላለ የቱቦውን ሥዕል ሳታዩ አትሰሩ። እንዲህ የቀየራችሁትን ፊክስቸር በማርከር ጻፉበት፦ «ባላስት የለውም፣ በቀጥታ 220»። ያልተጻፈበት ከሆነ በኋላ የሚመጣው ሠራተኛ ከመጋዘን ያገኘውን ፍሎረሰንት ይሰካበታል፣ በአንድ ጎን የገቡት ፌዝና ኒውትራል ፈትሉ ላይ ይገናኛሉ፣ እሱም መሰላሉ ላይ ሆኖ ፊቱ ላይ ይፈነዳበታል።